ዶፕለር ኢፌክት፦ የሚቀራረቡበት ፍጥነት ያው ሆኖ መልሱ ለምን ይለያያል?

ፊዚክስ የምታውቁ እስቲ አንዴ እዩልኝ፣ ዶፕለር ላይ (የድምፁ ምንጭ ወይም ሰሚው ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሰከንድ የሚደርሱት ሞገዶች ብዛት፣ መቀየሩ) ተጣብቄ ቀረሁ። ያለኝ ይሄ ነው፦ 680 ኸርዝ የሚጮህ ሳይረን፣ የድምፅ ፍጥነት በአየር ውስጥ 340 ሜትር በሰከንድ፣ ነፋስ የለም።

መጀመሪያ ሰሚው ቆሞ ሳይረኑ በ34 ሜትር በሰከንድ ወደሱ ሲመጣ ሠራሁት፣ ዌቭሌንግዙ (ከአንዱ ሞገድ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ከ50 ሳንቲሜትር ወደ 45 ይጨመቃል፣ 340ን ለ0.45 ሳካፍል 755.6 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ቀጥሎ ሳይረኑን አቁሜ ሰሚውን በዛው ፍጥነት ወደሱ አስኬድኩት፣ አሁን ዌቭሌንግዙ ያው 50 ነው ግን ሰሚው ሞገዶቹን በ374 ስለሚገናኛቸው 748 ሆነ። ሁለቱም በፎርሙላው ልክ ናቸው፣ ካልኩሌተሩም አልዋሸም። እኔን የከነከነኝ ሁለቱም ላይ የሚቀራረቡበት ፍጥነት እኮ ያው 34 ነው!

አንድ ጓደኛዬ "ልዩነቱ አየሩ ነው፣ ድምፅ በ340 የሚሄደው ከአየሩ አንፃር ነው" አለኝ፣ እሺ እሱ ገባኝ (ብርሃን ላይ ይሄ ጣጣ የሌለውም ለዛ ነው መሰለኝ)። ስለዚህ ሁለተኛውን ኬዝ ከሰሚው ፍሬም ልየው ብዬ እሱን አቆምኩትና ሳይረኑን በ34 ወደሱ አመጣሁት፣ ተመልሶ 755.6 ሆነብኝ፣ መምጣት ያለበት ግን 748 ነው። እዛ ፍሬም ውስጥ አየሩም አብሮ በ34 ወደ ሰሚው እየነፈሰ ነው ማለት ነው፣ ግን ደግሞ ሁለቱም ከቆሙ ነፋስ ብቻውን ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም። ታዲያ 748 እንዲመጣልኝ ነፋሱን ሂሳቡ ውስጥ የት የት ጋ ነው የማስገባው?