የመካንነት ሕክምና ውጤትን ለታካሚ የመንገር ሥልጠና፦ ረቂቁ ላይ የዕቅድ ውይይት

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ተያይዟል። ሁለት ቀን ነው። በዋናነት ለሚደውሉ ነርሶችና ለላብ ሰዎች። ስድስቱ የስፓይክስ (መጥፎ ዜና የመንገሪያ ዘዴ) ደረጃዎች፣ ከዚያ ልምምድ። ሐሙስ ቦርድ ይገባል።

ሲስተር፦ ስፓይክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ለካንሰር ሐኪሞች ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚናገር። እኛ በስልክ ነው የምንናገረው። ቤታው (የእርግዝና የደም ምርመራው) ኔጋቲቭ ሲሆን ሴትየዋ ስብሰባ ላይ ትሁን መኪና እየነዳች አናውቅም። መጀመሪያ «አሁን ማውራት ይመችሻል?» ይባል። ረቂቁ ውስጥ የለም።

ላብ፦ እኛም አለን። እንቁላሉ መዳበሩን ከዘሩ ጋር ከተገናኘ ከ16 እስከ 18 ሰዓት በኋላ እናያለን። አሥር ወጥቶ አንድም ሳይዳብር ሲቀር ጠዋት የምደውለው እኔ ነኝ። ያሠለጠነኝ የለም።

ዶክተር፦ ዓላማው ጥሩ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ግን የላብ ኃላፊው ፊርማ ለምን ከእኛ ጎን ሆነ?

ላብ፦ ቢሆንስ?

ዶክተር፦ ቢሆንስ አይባልም። ያለፈው ሥልጠና ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ዶክተር፦ ሁለት ፊርማ ይበቃል። ሦስት ሲሆን የሠርግ ጥሪ ይመስላል።

ላብ፦ እንዲያውም ስሙን አውጡት። ላቡም አይመጣም።

አማካሪ፦ ከጠዋት ጀምሮ ፊርማ! የባልየው ምርመራ ዘር የለውም ሲል ለሚስቱ ነግረን «ንገሪው» እያልን ነው የምንሸኛት። ይሄ ማንን አሳሰበ?

ዶክተር፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አማካሪ፦ ሥልጠናው ስለሱ ነው እኮ ዶክተር! አልትራሳውንድ ላይ «የልብ ምት የለም» ካልን በኋላ ዝም ማለት አናውቅበትም። ሴትየዋ ገና ጄሉን ከሆዷ ሳትጠርግ ስለሚቀጥለው ዙር እናወራለን። ልምምዱ ለዚህ ነው። ታካሚ ሆነው ለሚጫወቱት ማን ይከፍላል?

ገንዘብ ያዥ፦ ለተዋናይ የተያዘ ብር የለም። ለሰርተፍኬት ማተሚያ አለ።

ሲስተር፦ ጉድ ነው።

ዶክተር፦ ላቡን ለማሳነስ አልነበረም። በማኅበሩ ማኅተም ብቻ ይውጣ፣ ፊርማው ይቅር።

ላብ፦ እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ ይሁን።

ሁለተኛው ዶክተር፦ ማኅተም ብቻውን ለፈቃድ እድሳት ነጥብ ይያዛል? ካልተያዘ ማንም አይመጣም።

ሲስተር፦ የስልክ ንግግሩን ናሙና እጽፋለሁ ያለው ልጅ የት ደረሰ?

ፀሐፊ፦ መልእክቱን አይቷል፣ አልመለሰም። ውጤቱ ስልካቸው ላይ ቀድሞ እንዳይታይ ከሶፍትዌር ሰዎቹ ጋር ይነጋገራል የተባለውም እሱ ነው።

አማካሪ፦ በቃ ተበላን። ታካሚዎቹ እኛ ሳንደውል አፑ ላይ ቁጥሩን ያዩታል።

ፀሐፊ፦ የተስተካከለውን አያይዣለሁ። ግማሽ ቀን ሆኗል። ልምምዱ በቪዲዮ ተተክቷል። የዚህ ሥልጠና ነጥብ የሚያዘው ለሐኪሞች ስለሆነ ቅድሚያ ለእነሱ ነው። ነርስና ላብ ቦታ ከተረፈ።

ሲስተር፦ የምደውለው እኔ፣ የሚሠለጥነው ሌላ?

ፀሐፊ፦ ሁለተኛው ዙር ላይ ይዘናችኋል።

ሲስተር፦ ሁለተኛ ዙር የሚባል በጀቱ ላይ አላየሁም። ቢያንስ የምንደውልበት ክፍል በር ይሠራ። ስናወራ መቀበያው ድረስ ይሰማል።

ገንዘብ ያዥ፦ በር ግዢ ነው፣ ሥልጠና ውስጥ አይገባም። ለብቻው ጻፊው።