በሐሰት የተከሰሰ ሰው የእግዚአብሔርን ፍርድ እንዴት ይጠብቅ?

ጥያቄ፦
የክርስቶስ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከአራት ወር በፊት ከመሥሪያ ቤታችን ካዝና ገንዘብ ጎደለ። በዚያ ዕለት ቁልፉን የያዝሁት እኔ ስለ ነበርሁ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬም ያላየችውን «አይቻለሁ» ብላ ስለ መሰከረች፣ ከሥራ ታግጄ የምርመራውን ውጤት እየጠበቅሁ ነው። አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ከእግዱ ይልቅ ያቆሰለኝ ግን ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የነበረች እኅት እኔን ስታይ ቦርሳዋን ከመካከላችን አንሥታ ጉልበቷ ላይ ማስቀመጧ ነው። ብዙዎች «ዝም በይ፣ እግዚአብሔር ይፈርዳል» ይሉኛል። በፍርዱ አምናለሁ፤ ነገር ግን ራሴን ብከላከል አለማመን ይሆንብኛል? ደግሞስ እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?

መልስ፦
እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጌታችን ሐሰተኞች ምስክሮች በተነሡበት ጊዜ ዝም ማለቱ እውነት ነው (ማቴ. 26፥63)። ሆኖም በዚያው ሌሊት የሊቀ ካህናቱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው፣ ክፉ ተናግሮ እንደ ሆነ እንዲመሰክርበት፣ መልካም ተናግሮ ከሆነ ግን ስለ ምን እንደሚመታው ጠይቆታል (ዮሐ. 18፥23)። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮማዊው ገዥ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ይግባኙን ወደ ቄሣር ያለው እምነት ጎድሎት አይደለም። ለእግዚአብሔር እንድንተው የታዘዝነው በቀልን ነው፤ እውነትን መናገር ግን አልተከለከልንም። ስለዚህ ቁልፉን ከማን እንደ ተረከቡና ለማን እንዳስረከቡ ሰዓቱን ለይተው ለአጣሪዎቹ በጽሑፍ ይስጡ። ስለ ባልደረባዎ ልብ ግን የማያውቁትን አይጻፉ።

መልስ፦
«እስከ መቼ» ለሚለው ጥያቄሽ አጭር መልስ የለኝም። ዮሴፍ ወደ ግብፅ ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶት ነበር። በግዞት ቤትም ሳለ ዝም አላለም፤ ለጠጅ አሳላፊው አለ በደሉ መታሰሩን ነግሮ አስበኝ ብሎት ነበር፤ ሰውየው ግን ረሳው፣ ሁለት ዓመትም አለፈ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላው ነገር፣ ዮሴፍን በሐሰት የከሰሰችው የጲጥፋራ ሚስት ውሸቷን እንደ ተናዘዘች መጽሐፍ አንድም ቦታ አለመናገሩ ነው። ዮሴፍ ከፍ አለ፣ ያ ክስ ግን በእኛ ፊት ሲሻር አናይም። ንጉሡ አክዓብ የወይን ቦታውን የተመኘበትን ናቡቴንማ በሐሰት ምስክር ወግረው ገደሉት፤ ነቢዩ ኤልያስ የፍርዱን ቃል ይዞ አክዓብ ዘንድ የደረሰው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነው። እኔም በሐሰት የተወራብኝን ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ያወራብኝ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቀኝ አረፈ። እግዚአብሔር ማየቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም፤ ያኖረኝም ይኸው ነው።

መልስ፦
መዝሙር 7ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዳዊት «ፍረድልኝ» ከማለቱ በፊት፣ በእጁ ዓመፃ ካለ ጠላቱ ነፍሱን እንዲረግጣት እስከ መፍቀድ ድረስ ራሱን በአምላኩ ፊት ይመረምራል። እንዲህ ለመጸለይ የሚደፍር ንጹሕ ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጉዳይ አንቺ ልትጸልዪው የምትችዪ ይመስለኛል።

ከጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ማስታወሻዬን ገልጬ ቁልፉን ያስረከብሁበትን ሰዓት አገኘሁ፤ ነገ ቃሌን እጽፋለሁ። መዝሙሩንም አነበብሁት። ስለ ባልደረባዬ ግን ገና መጸለይ አልቻልሁም፤ ስሟን ልጠራ ስል ጉሮሮዬ ይዘጋል። እስክችል ድረስ በእኔ ፈንታ ጸልዩላት።