ፔዳሎቹን ስሰካ የጊታሬ ድምፅ ይታፈናል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ ሠርግ ላይ እንጫወታለን፣ እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ ከሚቀይረው መሣሪያ) ጋር እየታገልኩ ነው። ጊታሩን በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ስሰካው ድምፁ ጥርት ያለ ነው። በቲዩነር፣ በዋህ-ዋህ፣ በዲስቶርሽን፣ በኮረስና በዲሌይ ፔዳሎች በኩል ሲያልፍ ግን አንዳቸውም ባይረገጡ እንኳ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። አንዳንዴ ጭራሽ ጭጭ ይላል፤ ዋህ-ዋሁን ረገጥ ሳደርገው ተንኮሻኩሾ ይመለሳል።

አንድ በአንድ እያወጣሁ ሞከርኩ። ዋህ-ዋሁ (ከአጎቴ የወረስኩት አሮጌ ነው) ሲወጣ መቆራረጡ ቆመ፤ መታፈኑ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከአጫጭሮቹ ማገናኛ ገመዶች አንዱ ጃኩ ውስጥ ብየዳው ለቆ ስላገኘሁት ቀየርኩት። ኤሌክትሪኩ ችግር አይመስለኝም፤ ሁሉም 9 ቮልት ናቸው፣ አዳፕተሩም 500 ሚሊአምፕ ይሰጣል። ከጊታር እስከ ፔዳል 6 ሜትር፣ ከፔዳል እስከ አምፕሊፋየር ሌላ 6 ሜትር ገመድ አለ። በቀጥታ ስሰካ የምጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። ገመድ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ እንደሚበላ አውቃለሁ፣ ግን ይህን ያህል?

በፈር (ድምፁ በረጅም ገመድ እንዳይዳከም የሚያግዝ ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል መጀመሪያ ላይ ባስገባ ይስተካከላል? የዋህ-ዋሁን ማብሪያስ ማጽዳት ይበቃል ወይስ መቀየር አለበት? መበየድ እችላለሁ፣ የትኛው የማብሪያው እግር (ፒን) ከየት እንደሚገናኝ ብቻ ንገሩኝ።