ግራፊክስ ቺፑ ችግር አለበት የሚባለውን ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ልተወው? (ደሴ)

የጦሳ ሥር

ሰላም ናችሁ ጀመዓ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና ነው የሚማረው። ዘንድሮ ላፕቶፕ የግድ ነው ብሎኛል፣ አውቶካድ (የንድፍ መሳያ)፣ ኢታብስ (የሕንፃ ስሌት መሥሪያ) ምናምን የሚጭንበት። ኪሴን ያው እንደምታውቁት ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ልጅ የ2011 ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ በ22 ሺህ ብር እሰጥሃለሁ አለኝ። ስላሽ (ያገለገለ) ነው። ግን ሲያዩት ያምራል፣ ጭረት የለው፣ ስክሪኑ ፏ ያለ። ልከፍል ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ "እሱን እንዳትነካው፣ ግራፊክሱ ከፋብሪካው የታመመ ነው" አለኝ። ሻጩን ብጠይቀው ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ የታመመ ቢሆን እስካሁን ይሞት ነበር" አለ። እሱም እውነቱን መሰለኝ።

እውነት ነው ወይስ ወሬ? ደግሞስ ዛሬ በደንብ እየሠራ ያለ ነገር ነገ የሚሞተው በምን ምክንያት ነው? ደሴ ብርድ ስለሆነ ላፕቶፕ አይጎዳም የሚሉም አሉ።

ሌላም አለ። ቤት ያለው አሮጌው ላፕቶፔ (ብራንዱ ሌላ ነው) ስክሪኑ ላይ መስመር ማውጣት ጀምሯል። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ሳይከፍተው "ቺፑ ነው፣ ሪቦል (ቺፑን ነቅሎ የብየዳ ኳሶቹን መቀየር) ይፈልጋል" አለኝ። ያው በሽታ ይሆን?

አያ ጥገና

ወሬ አይደለም ወንድምዓለም። ባልደረባህን ቡና ጋብዘው።

ያ ማሽን ሁለት ግራፊክስ (ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣ ክፍል) አለው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ነው፣ ሌላው ለብቻው ቦርዱ ላይ የተቀመጠ የኤኤምዲ ራዲዮን። የሚሞተው ራዲዮኑ ነው። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 የተወሰኑ ማሽኖች ችግር እንዳለባቸው አምኖ በነፃ የሚጠግንበት ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፦ የ2011 ባለ 15 እና ባለ 17 ኢንች፣ ከዚያ ደግሞ የ2012 እና የ2013 መጀመሪያ ባለ 15 ኢንች ሬቲና። ምልክቶቹን ሳይቀር ዘርዝሯል፤ ምስል ይዛባል፣ ማሽኑ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፣ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ይነሳል። ፕሮግራሙ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ ብትገዛው ዋስትናህ ሻጩ ነው፣ የሻጭ ዋስትና ደግሞ ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም።

የመጀመሪያውም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኢንቪዲያ አንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ የታሸጉበት ማቴሪያል ደካማ እንደነበር ገልጾ፣ ለጥገናና ለዋስትና ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ አስታወቀ። ዴልና ኤችፒ ለአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ዋስትና አራዘሙ። ዴል የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) አፕዴትም አወጣ፣ ማራገቢያው በብዛት እንዲዞር የሚያደርግ። (እሱ እንኳ ዕድሜ ማራዘሚያ እንጂ መድኃኒት አልነበረም።) አስቂኙ የአፕል ነው። ኢንቪዲያ "የእናንተ ኮምፒውተሮች አይነካቸውም" ብሎ አረጋግጦለት ነበር፤ በኋላ አፕል ራሱ ሲመረምር 8600ኤም ጂቲ የተባለው ቺፕ ያለባቸው አንዳንድ ማክቡክ ፕሮዎች ሊነኩ እንደሚችሉ አገኘ። እንግዲህ ቺፑን የሠራው ድርጅት ለአፕል "ችግር የለም" ብሎ ከተሳሳተ፣ የፒያሳው ልጅ ስቆ ቢነግርህ ምን ይደንቃል።

አሁን እየሠራ ለምን ይሞታል ላልከው የ2008ቱን ልንገርህ፣ በደንብ የተጠና እሱ ስለሆነ። ቺፕ ከላይ ሲያዩት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ ድርብርብ ነው። መሃሉ ላይ የሚያብለጨልጨው ሲሊከን አለ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በሁለቱ መካከል በባዶ ዓይን የማይለዩ የሊድ (እርሳስ) ነጠብጣቦች፣ በነጠብጣቦቹ ዙሪያ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላ ሙጫ። ስትሠራበት ይሞቃል፣ ስትዘጋው ይቀዘቅዛል፣ ሲሊከኑና ሰሌዳው ግን እኩል አይለጠጡም። ሙጫው ሙቀት ሲያገኘው የሚለሰልስ ዓይነት ከሆነ ጫናው ሁሉ ነጠብጣቦቹ ላይ ያርፋል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው መጨረሻ ላይ እንደሚበጠሰው ማለት ነው። "እስካሁን ይሞት ነበር" የሚለው ሙግት ለዚህ ነው የማያስኬደው። ብዙ የሞቀና የቀዘቀዘ ማሽን ለመበጠስ የቀረበ ነው እንጂ የዳነ አይደለም።

የደሴ ብርድ? ትንሽ ይረዳል፣ አልክድም። ግን እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ማራገቢያው የሚገፋው ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ደግሞ ጠዋት በረዶ ሆኖ ከፍተኸው፣ ወዲያው ከባድ ሥራ ስታዘው የሙቀት መውጣትና መውረዱን ራሱ ነው የምታሰፋው።

ስለ አሮጌው፦ ሳይከፍት "ቺፑ ነው" ያለህን ሰው ተወው። ከቲቪ ወይ ከሌላ ሞኒተር ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኘው። መስመሩ እዚያም ከታየ ግራፊክሱን መጠርጠር ትችላለህ። ቲቪው ላይ ንጹህ ከሆነና ክዳኑን ስታንቀሳቅስ መስመሩ ከተለዋወጠ የስክሪን ኬብል ነው፣ ወይም ስክሪኑ ራሱ። ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ ገና የብራንዱ ምልክት ሲመጣም መስመሩ ካለ ደግሞ ችግሩ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) አይደለም። ሞክረህ ንገረኝ።

ቦርከና ማዶ

ጋሼ፣ እኔ እዚያው የወንድምህ ግቢ ነኝ። ቺፑን ተወውና ማኩ ራሱ ለሲቪል አይሆነውም። ኢታብስ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ሳፕ የሚባለው ሌላው የስሌት ፕሮግራምም እንደዚያው። ስለዚህ ዊንዶውስ በቡት ካምፕ (ማክ ላይ ዊንዶውስ መጫኛ በሆነው የአፕል ፕሮግራም) ሊጭንበት ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ባለ 15 ኢንች ማክ በቡት ካምፕ ዊንዶውስ ሲነሳ የኢንቴሉን ግራፊክስ አይጠቀምም፣ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ በራዲዮኑ ነው የሚሠራው። በራሱ ማክ ኦኤስ ላይ ቢሆን ቀላል ሥራ ሲሆን ወደ ኢንቴሉ ይቀይር ነበር፣ ራዲዮኑም ትንሽ ያርፋል። ወንድምህ ግን የሚሞተውን ቺፕ ቀን ከሌት ሊነዳው ነው ማለት ነው።

ደሞ ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለም፣ ሐረጎን ወርደህ ስትጨርስ ጃኬት የምታወልቅበት አገር ነው። ዶርም ውስጥ ጠረጴዛው የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ላፕቶፕ አልጋ ላይ ነው የሚውለው። ብርድ ልብሱ የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል። እኛ ክፍል አንዱ ሪፖርት ሊያስገባ ሲል ላፕቶፑ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ነበር ያመሸው።

የሆጤዋ

ኧረ አብሽር፣ ልጁን አታስፈራሩት። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ላፕቶፕ ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ጥገና ቤት ቺፑን በሆት ኤር (የሞቀ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አሙቀውልኝ ተነሳ፣ ይኸው እየሠራሁበት ነው። 22 ሺህ ብር ዛሬ ስልክ እንኳ አይገዛም። ቢሞትም ይሞቃል፣ ይነሳል፣ ምን ችግር አለው?

አያ ጥገና

እታለም፣ እንኳን ተነሳልሽ፣ ግን ፋይሎችሽን ዛሬውኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጫቸው። የምሬን ነው። የሰው ሰርግ ነው የያዝሽው፣ ሙሽራዋን ድገሚልኝ ማለት አይቻልም።

ማሞቅ ጥገና አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ የተሰነጠቀው ነጠብጣብ ሙቀት ሲያገኘው ይለጠጥና መልሶ ይነካካል፣ ማሽኑም ይነሳል። ስንጥቁ ግን አለ። ሳምንትም ይቆይ ወራትም፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሥራ ሠርተን ብር የምንቀበል ሰዎች ለደንበኛው አስቀድመን ካልነገርነው እያታለልነው ነው፣ ብያለሁ።

ሪቦልም ቢሆን ሁሉን አያድንም። ሪቦል የሚቀይረው በቺፑና በማዘርቦርዱ መካከል ያሉትን ትልልቅ ኳሶች ነው። ብልሽቱ እዚያ ከሆነ ይሠራል። ውስጥ፣ ከሲሊከኑ ሥር ከሆነ ግን ኳሱን አሳምረህ ብትደረድረውም ያው የተሰበረውን ቺፕ ነው መልሰህ የምትለጥፈው። ያኔ የሚያዋጣው ቺፑን በአዲስ መቀየር ነው። "አዲስ" ተብሎ የሚመጣው ደግሞ ከሌላ ቦርድ ተነቅሎ የጸዳ ሊሆን ይችላል።

በፀጉር ማድረቂያ ቤታቸው የሚያሞቁም አሉ። የዛሬ ማሽኖች ሊድ የሌለበት ብየዳ ነው ያላቸው፣ ከ217 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። የድሮው ባለ ሊዱ በ183 ይቀልጥ ነበር። ፀጉር ማድረቂያው እዚያ አይደርስም፣ በዙሪያው ያለውን ፕላስቲክ ግን ያጣምመዋል።

የጦሳ ሥር

አላህ ይስጣችሁ። ማኩን ትቼዋለሁ። ሻጩ "ሌላ ሰው ሲገዛው ትቆጫለህ" ብሎኛል፣ ይሁን።

አሮጌውን ሞከርኩት። ቲቪው ላይ አንድም መስመር የለም፣ ጥርት ያለ ነው። ክዳኑን ወደ ኋላ ሳጋድለው ደግሞ መስመሩ ይጠፋል፣ ስመልሰው ይመጣል። ኬብል ነው ማለት ነው አይደል? ለሪቦል የጠየቀኝ ብር ኬብሉን ስንት ጊዜ ይገዛው ይሆን።

አሁን ለወንድሜ 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ፣ ለብቻው ግራፊክስ የሌለው አንድ የዴል ላቲቲዩድ አግኝቻለሁ። ከማኩ ትንሽ ይወደዳል። ለኢታብስ ያለ ግራፊክስ ካርድ ይሆነዋል? ስገዛስ ምን ልይ?

ቦርከና ማዶ

ለትምህርት ይበቃዋል ጋሼ። ኢታብስ ስሌቱን በዋናነት በፕሮሰሰርና በራም ነው የሚሠራው። ራሙ 8 ከሆነ ወደ 16 የሚያድግበት ቦታ እንዳለው ጠይቅ። ከባድ የ3ዲ ሬንደር ካልሠራ በስተቀር ካርድ አያስፈልገውም፣ የሌለ ቺፕ ደግሞ አይበላሽም 😄

አያ ጥገና

ኬብል ይመስላል፣ አዎ። መጀመሪያ ግን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው፣ አንዳንዴ ላልቶ ብቻ ይሆናል፣ ምንም ሳትገዛ ትገላገላለህ።

ላቲቲዩዱን ስታይ አትቸኩል። ሻጩ "በርቷል፣ አየህ" ብሎ ሊዘጋው ይሞክራል። ቁጭ በልና ቪዲዮ በሙሉ ስክሪን ክፈትበት፣ እስኪሞቅ ጠብቅ፣ የሚታመም ነገር ሲሞቅ ነው የሚያሳብቅ። ማራገቢያው ጭራሽ ካልተሰማህ ወይ ከተንጫጫ ተጠንቀቅ። ባዮሱ በፓስወርድ እንዳልተዘጋ እይ፣ ከውጭ ድርጅት የወጡ ማሽኖች ላይ ይበዛል። ከቻልክ የሥር ክዳኑን አስከፍተው። ፕሮሰሰሩ አካባቢ ቦርዱ ጠቆር ካለ፣ ወይም የደረቀ ወይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ፍላክስ (ለብየዳ የሚቀባ ነገር) ካለበት፣ ከአንተ በፊት አንድ ሰው ሆት ኤር አሳርፎበታል። ጥለኸው ውጣ።

ሰኞ ገበያ በኩል ከሆነ የምትገዛው ከሰዓት ሳይሆን በጊዜ ሂድ። ወደ ማታ መብራት ከጠፋ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ብቻ ነው አይተህ የምትመጣው።

የጦሳ ሥር

ነገ ጠዋት ነው የምሄደው። የባትሪውን ጤንነት ዊንዶውስ ላይ የት ነው የማየው?

ቦርከና ማዶ

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈትና የባትሪ ሪፖርት አውጣ፣ ዊንዶውስ ራሱ ፋይል አድርጎ ያስቀምጥልሃል። ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ታየዋለህ። ከግማሽ በታች ከወረደ ዋጋው ላይ ተከራከር።