«1949 ተጽፎበታል እኮ!» — ካርቶኑ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

ጦሳ ሥር፦
እባካችሁ የገባው ያስረዳኝ። በቅዳሜው የደሴ ቤተ መጻሕፍት ስብሰባ፣ በእርዳታ በካርቶን የመጡት አሮጌ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ለውጭ ሰብሳቢ ይሸጡና በገንዘቡ የተማሪ መጽሐፍ ይገዛ ተባለ። ይባል። ለናሙና የተያዘው ግን የኦርዌል «1984» ነው። «አንደኛ እትም ነው፣ 1949 ተጽፎበታል እኮ!» ተብሎ ፎቶው እዚህ ተለጠፈ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ፎቶውን ያየ ሰው አለ? ጀርባው ብርቱካናማ የሆነ፣ ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ ያወጣው የኪስ መጽሐፍ ነው!

ሆጤ 07፦
የለጠፍኩት እኔ ነኝ። 1949 አልተጻፈበትም? ማንበብ የቻለ ያንብብ።

ጦሳ ሥር፦
ተጽፎበታል። ከሥሩ ያለውን መስመርስ ማን ያንብብልህ? «በፔንግዊን የታተመ፣ 1954» ይላል። የርዕሱን ገጽ ገልብጠህ ስታነብ ላይኛው መስመር ላይ አትቆምም፣ እስከ ታች ትወርዳለህ። በእጅህ ያለውን ቅጂ የሚናገረው የመጨረሻው ዓመት ነው። «ፈርስት ፐብሊሽድ 1949» ድርሰቱ መቼ እንደወጣ ነው የሚነግርህ። የዚያን ዓመቱ ጁን ላይ ለንደን የወጣ ነው፤ አሳታሚው ሴከር ኤንድ ዋርበርግ፣ ደረቅ ሽፋን፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ከላይ የሚጠለቀው የወረቀት ጃኬት አንዳንዱ ቀይ አንዳንዱ አረንጓዴ። ከ1949 በታች ሌላ የህትመት ዓመት አይታይበትም።

የቦርከና ልጅ፦
ተዉት እናንተ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሆናላ። ኪኪኪ

ሆጤ 07፦
ኮምቦልቻ ደግሞ መቼ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረች?

ጋሽ አራዳ፦
ልጆች፣ ስድቡን አቆዩት። ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። እኛ አገር መጽሐፉ አንድ ፊደል ሳይነካ ማተሚያ ቤት በተመለሰ ቁጥር «ሁለተኛ እትም»፣ «ሦስተኛ እትም» እንላለን። እነሱ ኤዲሽንና ፕሪንቲንግ ብለው ይለያሉ። ጽሑፉ እስካልተቀየረ ድረስ አሥረኛው ህትመትም አንደኛ ኤዲሽን ሊባል ይችላል፤ ሰብሳቢው ኪሱን የሚፈታው ግን ለአንደኛው ኤዲሽን አንደኛ ህትመት ብቻ ነው። «እትም» ብላችሁ ስትተረጉሙት ሁለቱም አንድ ሆኖ አረፈው።

ሆጤ 07፦
እሺ ጋሼ፣ «1984» ይቅር። ካርቶኑ ውስጥ ግን «ፈርስት ኤዲሽን» የሚል ቃል በቃል የሰፈረባቸው ደረቅ ሽፋን የአሜሪካ መጽሐፎች አሉ። ዓመት አይደለም፣ ራሱ ቃሉ ተጽፎበታል እኮ!

ጦሳ ሥር፦
ደግሞ መጣ፣ «ተጽፎበታል እኮ»! የመጽሐፍ ክለብ የሚባል ነገር አለ፤ ለአባላት በርካሽ የሚታተም። አንዳንዱ የሚታተመው በአሳታሚው በራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሆነ «ፈርስት ኤዲሽን» የሚለው መስመር ሳይነሳ አብሮ ይታተማል። ስለዚህ ቃሉን ተወውና ጃኬቱን እይ። የአሜሪካ ከሆነ የፊተኛው እጥፋት ላይኛው ጥግ፣ የእንግሊዝ ከሆነ ታችኛው ጥግ ላይ ዋጋ ይፈለጋል። የአሜሪካው ዋጋ ከሌለው ጠርጥር። እጥፋቱ ታች «ቡክ ክለብ ኤዲሽን» ካለ አለቀ። ቀጥሎ ጃኬቱን አውልቀህ የኋላ ደረቅ ሽፋኑን ታችኛ ጥግ፣ በአከርካሪው በኩል፣ በመስኮት ብርሃን አግድመህ እየው። ትንሽ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጉድጓድ ካለ የክለብ ነው። ቀለም ስለሌለው ፊት ለፊት ብታፈጥበት አይታይም፤ በጣት ጫፍ ግን ይገኛል።

ሆጤ 07፦
የአንዱ ጃኬት ጥግ በመቀስ ተቆርጧል። ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው?

ጦሳ ሥር፦
አይደለም። ለስጦታ የሚሰጥ ሰው ዋጋው እንዳይታይ ይቆርጠዋል። የክለብ መሆኑን ሊሸፍን የሚቆርጥ ነጋዴም አለ። ከተቆረጠ ጃኬቱ ምስክርነቱን አጥቷል፤ በጉድጓዱ፣ በወረቀቱ ቅጥነትና በቁመቱ ነው የምትፈርደው። የክለቡ ብዙ ጊዜ አጠር፣ ቀለል ይላል።

ጢጣ ማዶ፦
የክለቡ መጨረሻ ገጾች ላይ፣ ወደ ስፌቱ ተጠግቶ አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር አለ። እሱን ካያችሁ በቃ፣ የክለብ ነው።

ጦሳ ሥር፦
በቃ አይደለም! ደብልዴይ የተባለው አሳታሚ ለመደበኛውም ለክለቡም ያንን ኮድ ይጠቀም ነበር፤ መቼ እንደታተመ ነው የሚናገረው። የሌላውን አሳታሚ የፑትናምን፣ የሃይንላይን «ስትሬንጀር ኢን ኤ ስትሬንጅ ላንድ» 1961 ውሰድ፤ ገጽ 408 ግርጌ ላይ «ሲ22» መኖሩ ራሱ የአንደኛ ህትመት ምልክቱ ነው። በአንተ ሕግ ብንሄድ ዋናውን ጥለን ክለቡን ልንሸጥ ነው።

ጢጣ ማዶ፦
አመሰግናለሁ ፕሮፌሰር። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የቁጥር መስመርስ ልበል ወይስ እሱም ስህተት ነው? 10 9 8 7 6 5 4 3 2 1 ካለ አንደኛ ህትመት፤ ትንሹ ቁጥር 2 ከሆነ ሁለተኛ። ይኼን እንኳ አትነካብኝም።

ጋሽ አራዳ፦
ልነካብህ ነው ልጄ። ራንደም ሀውስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አንደኛ ህትመቱን ከ2 ነበር የሚጀምረው፤ «ፈርስት ኤዲሽን» የሚል ቃል ካለና መስመሩ 2 ላይ ካለቀ አንደኛ ነው። ቃሉ ተነስቶ 2 ብቻ ከቀረ ሁለተኛ።

ሆጤ 07፦
አያችሁ? እዚህ ላይ ተጽፎበታል ብል ልክ ነኝ ማለት ነው!

ጦሳ ሥር፦
የቆመ ሰዓትም በቀን ሁለቴ ልክ ነው፣ አብሽር።

የቦርከና ልጅ፦
እኛ ጋ ደግሞ «ሃሪ ፖተር» አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል። ገጽ 53 ላይ የትምህርት ቤት ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ «1 ዋንድ» (የአስማት በትር) ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። የታወቀው ስህተት!

ጢጣ ማዶ፦
ኮምቦልቻም «ተጽፎበታል» አለች። በላ እንግዲህ።

ጋሽ አራዳ፦
ስህተቱ ብቻውን አይበቃም፤ በ1997ቱ የወረቀት ሽፋንም አለ። አሳታሚው ብሉምስበሪ፣ 1997፣ ደረቅ ሽፋን፣ የቁጥር መስመሩ 1 ድረስ የሚወርድ፣ የመብት ባለቤቷ ስም «ጆአን ሮውሊንግ» ተብሎ ሙሉውን የተጻፈ፤ እነዚህ ባንድ ላይ ሲገኙ ነው። 500 ቅጂ ብቻ ነው የታተመው። ያንተ ደረቅ ነው?

የቦርከና ልጅ፦
ለስላሳ። መስመሩም 40 ላይ ነው የሚያቆመው። ግን ዋንዱ ሁለት ነው ወላሂ።

ሸዋ በር፦
የማይሸጥ ነገር ላይ ነው የምትነታረኩት። ሁሉም ማህተም አለበት፣ የመዋሻ ካርድ ኪስ ተለጥፎበታል፣ አከርካሪው ላይ ቁጥር ተጽፏል። የቤተ መጻሕፍት ቅጂ ማን ይገዛል?

ጦሳ ሥር፦
ዋጋው ይወድቃል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ከነዚያ 500 ሃሪ ፖተሮች ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ማህተም እያለባቸውም ይፈለጋሉ። የሚገድለው ማህተሙን ለማጥፋት የሚደረገው ነው። በአልኮል የሚያሸት ሰው ቀለሙን ከማህተሙ ወደ ወረቀቱ ሁሉ ያሰራጨዋል፤ ማህተም ያለበትን ገጽ የሚቀድ ደግሞ ማስረጃውን ራሱን ቀደደ። ፕላስተርም አይለጠፍ፤ ሙጫው ሲያረጅ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ለመሆኑ ካርቶኑ አሁን የት ነው ያለው?

ሆጤ 07፦
መጋዘን። ግድግዳው ሥር፣ መሬት ላይ።

ጦሳ ሥር፦
በደሴ ክረምት? ከጦሳ የሚወርደውን ጉም እያወቅክ? ሲሚንቶው እርጥበቱን ይስባል፣ ከታች ያሉት በመስከረም ሻጋታ ናቸው። ዛሬውኑ ጣውላ ላይ አንሷቸው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቋቸው፣ በላስቲክ ግን አትጠቅልሏቸው።

የቦርከና ልጅ፦
ወደ ኮምቦልቻ ላኩልን፣ እዚህ ፀሐይ አለ። ደግሞ እኛ እናነባቸዋለን እንጂ አንሸጣቸውም። መጀመሪያ የመጡት ለልጆች ነበር።

ሆጤ 07፦
ሀረጎን ሲወርዱ በመንገድ ይጠፋሉ። የኮምቦልቻ ልጅ የተዋሰውን መጽሐፍ መልሶ አያውቅም።

ሸዋ በር፦
ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ከነማስረጃው ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ይቅረብ። ዝርዝሩን የሚሠራ ማነው?

ጢጣ ማዶ፦
ሆጤ ይሥራ። የተጻፈውን ማንበብ ይወዳል።

ሆጤ 07፦
እሠራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ «1984»ቱን በየትኛው ዓመት ልመዝግበው?

ጦሳ ሥር፦
1954!!!

ሆጤ 07፦
1949ም ተጽፎበታል እኮ።