የቤት ሰርቨር ላይ ላለ የድምፅ ክምችት ሲዲኤን ይረዳኛል?

ባለካሴቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጎጃም ውስጥ እየተዘዋወረ በካሴት የቀዳቸው ድምፆች አሉኝ። ፉከራ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ግጥም፣ የሽማግሌ ወግ። ብዙዎቹ ባለድምፆች ዛሬ በሕይወት የሉም። ድምፃቸው ለልጅ ልጆቻቸው እንዲደርስ በጣም እፈልጋለሁ። ሁሉንም ወደ ኤምፒ3 ቀይሬ አዲስ አበባ ቤቴ ባለች ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ጭኛቸዋለሁ። ራውተሬ የራሱ ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የኢንተርኔት አድራሻ) ስለሌለው ፖርት መክፈት አልሠራልኝም። የሲዲኤን አገልግሎት በሚሰጠው በክላውድፍሌር ተነል (ከቤቴ ወደ እነሱ በሚዘረጋ መስመር) ነው ያወጣሁት።

ያስቸገረኝ ፍጥነቱ ነው። አንድ ቅጂ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለጥፍ ሲልቨር ስፕሪንግና ሪያድ ያሉ ዘመዶቼ በአንድ ጊዜ ይከፍቱታል። ድምፁ ይቆራረጣል፣ የቤቴም ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል። ሲዲኤን ፋይሉን ገልብጦ አድማጩ አጠገብ ያስቀምጣል ይባላል። ታዲያ ክላውድፍሌር ላይ ከሆንኩ ይሄ በራሱ መሥራት አልነበረበትም? እዚያው ማሽን ላይ የቤተሰብ ፎቶ የያዘ ኢሚች የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ በዚያው ተነል ነው የሚወጣው።

ገመድጎታች፦
የድምፁ ሊንክ መጨረሻው ምንድን ነው? «ነጥብ ኤምፒ3» ካልሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ክላውድፍሌር ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠኸው ካሽ የሚያደርገው (ቅጂውን እሱ ዘንድ የሚያቆየው) የፋይሉን ቅጥያ አይቶ ነው። ብሮውዘርህ ላይ ኤፍ12 ተጫንና ኔትወርክ የሚለው ውስጥ «ሲኤፍ ካሽ ስታተስ»ን እይ። «ሂት» ካለ ከእነሱ ካሽ ነው የመጣው። «ዳይናሚክ» ካለ ግን እያንዳንዱ አድማጭ አንተ ቤት ድረስ እየመጣ ነው።

ባለካሴቱ፦
«ዳይናሚክ» ነው የሚለው! ሊንኩ ቁጥር ብቻ ነው፤ ፋይሉን የሚያወጣው ትንሽ ስክሪፕት ነው። አሁኑኑ ላስተካክለው።

ሉባንጃ፦
ወንድሜ፣ ቆይ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ሥራዬም ሰርቨር ማስተዳደር ነው። ሊንኩን ከመንካትህ በፊት የአገልግሎት ውሉን አንብበው። ክላውድፍሌር ሲዲኤኑን በነጻ የሚጠቀም ሰው ቪዲዮ ወይም በብዛት ድምፅና ትልልቅ ፋይል ሲያድልበት የመገደብ መብት አለው። የአንተ ገጽ ከድምፅ ሌላ ምን አለው? ዘመድ ሁሉ በሚፈልገው ሰዓት ቢዘጋስ?

ደግሞ ካሽ መጋዘን አይደለም። ሰው ሲጠይቀው ያልቆየ ፋይል ይወጣል። የአባትህን ቅጂ በወር አንድ ሰው ቢያዳምጠው፣ ያ ሰው ሲመጣ ፋይሉ እንደገና ከቤትህ ይጎተታል። ለእንዲህ ዓይነት ክምችት ካሽን መተማመን አልወድም።

ስለዚህ ገጹን ቤት ተወው፣ ድምፁን አውጣው። የክላውድፍሌር የፋይል ማከማቻ፣ አር2፣ እስከ 10 ጊጋባይት በነጻ ያስቀምጣል፣ ሲወርድም የትራፊክ ክፍያ የለውም። ውሉም እዚያ የተቀመጠን ፋይል ማደል ይፈቅዳል። ግን የባንክ ካርድ ያስመዘግባል። ካርድ ከሌለህ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ ቤተ መዛግብት ላይ በነጻ መጫን ትችላለህ።

ፋይሉንም አሳንሰው። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲቀዳ 43 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለወግና ለፉከራ ሞኖ በ64 ኪሎቢት ይበቃል፤ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 10 ጊጋባይት ከ200 በላይ ካሴት ይይዛል። ዋናውን ቅጂ ግን በፍላክ (ድምፅ ሳይጥል በሚያሳንስ ፎርማት) ያዘው፣ ምክንያቱም ኤምፒ3 አንዴ የጣለውን ድምፅ አይመልስም። ካሴቶቹ ደህና ከሆኑ እንደገና መቅዳቱ ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ኢሚቹን ዛሬውኑ ከተነሉ አውጣው። በመሐል ክላውድፍሌር ምስጠራውን ፈትቶ ነው የሚያሳልፈው። ለቤተሰብ ፎቶ ይሄ አያስፈልግም። በዚያ ላይ በነጻው ፕላን በአንድ ጊዜ የሚጫነው 100 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ረጅም ቪዲዮ አያልፍም። ቴይልስኬል የሚባለውን መሣሪያዎችህን በግል መረብ የሚያገናኝ ፕሮግራም ጫን፤ ያለ ፐብሊክ አይፒ ይሠራል፣ ምስጠራውም ከስልክህ እስከ ቤትህ ማሽን ድረስ አይፈታም።

ባለካሴቱ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓለም አቀፍ ካርድ የለኝም፤ ስለዚህ አርካይቩ ነው የሚሻለኝ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የለቅሶ ግጥሞቹ ውስጥ የሟች ስም፣ የአሟሟቱም ሁኔታ አለ። አንድ ቤተሰብ ቅር ቢለው መልሼ ማንሳት እችላለሁ?

ሉባንጃ፦
የሰቀልከውን ማንሳት ይቻላል፤ ሰው ያወረደውን ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ የለቅሶውን ለጊዜው እዚያ አትጫን። ፓይዋ ላይ ይቆይና ቤተሰቡ በቴይልስኬል ይስማው። የእያንዳንዱን ሟች ልጆች ወይም ወንድሞች ጠይቅ፤ የፈቀዱልህን ትለቃለህ። ሲፈቅዱ የአስለቃሿን ስምና አገሯን እንዲነግሩህ ለምናቸው፣ ከፋይሉ ጋር ጻፈው። ይሄን ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ ነው የማየው።

ፉከራውንና የሠርጉን ስትጭን ለግሩፑ የአርካይቩን ሊንክ ቀጥታ ላክላቸው። መብራት ጠፍቶ ገጽህ ቢወድቅም ድምፁ ይደመጣል።

ገመድጎታች፦
ትክክል ናት፣ ውሉን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ፍላኩን ኤስዲ ካርድ ላይ ብቻ እንዳትተወው። ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥና ሌላ ዘመድ ቤት አስቀምጠው።