ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሆን ይፈልጋል፤ ከየት ይጀምር?

የሽምብጧ እህት (ባሕር ዳር)

ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ያደግነው ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ ቤት ሲሆን፣ ለማረፍ በሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን በሰማ ቁጥር ምግቡን ትቶ ወደ ደጅ የሚሮጥ ልጅ ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ዲቪ ደርሶት ሄደ፤ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ መጋዘን እየሠራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ ወታደር የሚመለምል አንድ ሰው «አሁን ፈርም፤ ከገባህ በኋላ ወደ አብራሪነት ትዛወራለህ» እንዳለው ነገረኝ። እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። በግሪን ካርድ ብቻ አብራሪ መሆን ይቻላል ወይ? ዜግነቱን ቢቀይር ደግሞ እዚህ አገሩ ላይ ምን ይቀርበታል? መንገዱን የምታውቁ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የቀድሞ ቴክኒሺያን (ቴክሳስ)

እህቴ፣ እኔ በግሪን ካርድ ተቀጥሬ በአውሮፕላን ጥገና ያገለገልኩ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርዎት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች ግን መኮንኖች ናቸው፤ መኮንን ለመሆን ደግሞ የአሜሪካ ዜግነትና የመጀመሪያ ዲግሪ የግድ ናቸው። የምድር ጦሩ ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ዋራንት ኦፊሰር በሚባለው ማዕረግ ያለ ዲግሪ ሊሠለጥኑ ይችላሉ፤ እዚያም ቢሆን ዜግነቱ አይቀርም። ስለዚህ «ትዛወራለህ» የሚለው ቃል ትክክል አይደለም። ከወታደርነት ወደ አብራሪነት የሚደረግ ዝውውር የለም፤ ያለው ዲግሪውንና ዜግነቱን ይዞ እንደ ማንኛውም አመልካች መወዳደር ነው።

እኔ የገባሁት ውሉን በደንብ ሳላነብ ነበር። ውትድርናው ዜግነቱን ያፋጥናል፤ በሰላም ጊዜ እንኳ አንድ ዓመት በመልካም ሁኔታ ያገለገለ ሰው ማመልከት ይችላል፣ የማመልከቻ ክፍያም አይጠየቅም። ነገር ግን የመጀመሪያው ውል አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም ስድስት ዓመት ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው የምሥጢር ፈቃድ፣ ማለትም ምሥጢራዊ መረጃ ለማየት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ስለማያገኝ ብዙ የሥራ መስኮች ይዘጉበታል። በፈረቃ እየሠሩ ዲግሪ መጨረስም ረጅም ነው፤ እኔ ዲግሪዬን ስጨርስ ለአብራሪነት የተፈቀደው ዕድሜ አልፎኝ ነበር። ጣሪያው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

የወንድምዎ ሁኔታ ግን ከእኔ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ጊዜያት ይገጣጠሙለታል። በተለመደው መንገድ አምስት የግሪን ካርድ ዓመታት ሊሞሉ 90 ቀን ሲቀሩ ለዜግነት ማመልከት ስለሚቻል፣ የቀረው ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ያህል ነው። በዚህ ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩበት ኮሌጅ) ቢገባና ባሕር ዳር የተማረውን ቆጥረው ቢቀበሉለት፣ ዲግሪውና ዜግነቱ በ26 ዓመቱ አካባቢ አብረው ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ አላባማ በሚገኘው ማክስዌል የጦር ሰፈር የመኮንኖች ማሠልጠኛ ለመግባት መወዳደር ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሚሰጠው አር.ኦ.ቲ.ሲ. የተባለው የዕጩ መኮንኖች ፕሮግራምም አለ፤ ስኮላርሺፑ ግን ለዜጎች ብቻ ነው። ውድድሩ ላይ የጽሑፍ ፈተናው፣ በኮምፒውተር የሚሰጠው የአብራሪነት ችሎታ ፈተናና በግሉ የበረረው ሰዓት ተደምረው ከ1 እስከ 99 የሚደርስ ነጥብ ይሰጡታል፤ ስለዚህ ከደመወዙ እየቆጠበ ጥቂት ሰዓት በትንሽ አውሮፕላን ቢበር ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። እናትዎም ይህን ይወቁ፦ ሥልጠናውን ከጨረሰ በኋላ የአሥር ዓመት የአገልግሎት ግዴታ አለበት።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ያጣራ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ስደተኛ «ሴሌክቲቭ ሰርቪስ» በሚባለው የብሔራዊ ውትድርና መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ ይህን መተው በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ጥያቄ ያስነሳበታል።

ጡረተኛው (ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

ልጄ፣ እኔ ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ አየር ኃይል ሰፈር ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን ይመርመር። ቀለም መለየት የማይችል ዓይን በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም አይስተካከልም፤ አራት ዓመት ተምሮ መጨረሻ ላይ ይህን መስማት በጣም ያማል፤ ምርመራው ግን ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ቁመቱ አጭር ከሆነ አያስፈራው፤ አሜሪካኖቹ የ5 ጫማ ከ4 ኢንች ዝቅተኛ ልካቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 አንስተው፣ አሁን የሚያዩት ሰውነቱ ከአውሮፕላኑ መቀመጫ ጋር መስማማቱን ነው።

እናትሽ «የስደተኛ ልጅን ማን አውሮፕላን ያስይዘዋል?» ብላ ከሆነ የምትጨነቀው፣ የራሳችንን ታሪክ አጫውቻት። እ.ኤ.አ. በ1930 ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ የሆነው ሚሽካ ባቢቼፍ አባቱ ከሩሲያ የመጣ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን አገሩ የጦር አውሮፕላን ባላስያዘው ዘመን ወደ እኛ መጥቶ ጥቂት አውሮፕላኖች የነበሩትን አየር ኃይል መራ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አስተማረ፤ ያረፈውም አዲስ አበባ ነው። ሰው በተወለደበት ሳይሆን በሚበርበት አገር ሲታመን ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልመልስ። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ጥምር ዜግነት የለም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን አውጥቶ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖርና መሥራት ይችላል። የሚቀርበት መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት መቀጠር ነው። ወንድምዎ ይህን ቁጭ ብሎ ያስብበት፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ተመልሶ በአገሩ አየር ኃይል አገለግላለሁ የሚል ሐሳብ ካለው በሩ ለአሜሪካ ዜግነት በሚፈጽመው ቃለ መሐላ ይዘጋል።

የሽምብጧ እህት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጡረተኛውን መልስ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ደውሎ ውሉን እንደማይፈርም፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ኮሌጅ እንደሚመዘገብ ነግሮኛል። እኛ ከዚህ የምናግዘው ነገር ይኖራል?

የቀድሞ ቴክኒሺያን (ቴክሳስ)

አለ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትም እሱ ነው። ለምሥጢር ፈቃድ የሚሞላው ቅጽ የእናትን፣ የአባትንና የወንድም እህቶችን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና ዜግነት ይጠይቃል። የእኛ የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በፓስፖርት አንድ፣ በትምህርት ማስረጃ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ የአያት ስምም አንዱ ጋ ይገባል፣ ሌላው ጋ ይቀራል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የዩኒቨርሲቲውን ትራንስክሪፕትና የእናታችሁን መታወቂያ ከአሁኑ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩአቸው።

የሽምብጧ እህት

የእናቴ የክርስትና ስምና የመታወቂያ ስሟ ይለያያል፤ የልጅነት ትምህርት ቤቱ ላይ ያስመዘገበችው በክርስትና ስሟ ነው። የትኛውን ይጻፍ?

የቀድሞ ቴክኒሺያን (ቴክሳስ)

የመታወቂያውን ዋና አድርጎ ሁለቱንም ይጻፍ። ቅጹ ሌላ መጠሪያ ካለ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ ልዩነቱን ራሱ አስቀድሞ ቢገልጽ ማንም አይከሰውም፤ መርማሪ ሲያገኘው ግን የተደበቀ ይመስላል።